የዘለልኳቸው በሮች

በመሥሪያ ቤታችን ትክክለኛ ስሜን የሚያስታውስ ሰው ያለ አይመስለኝም። ወንፊት ነው የሚሉኝ። ስሙ የወጣልኝ በሙገሳ ነበር፤ ከካሴት የምገለብጠው ቃል ገለባ የለውም ለማለት። በቤተ መዛግብቱ ስቀጠር የክፍሉ ኃላፊ አንድ ገጽ መመሪያ ሰጠችኝ፦ ሳል አይጻፍ፣ ልቅሶ አይጻፍ፣ ድግግሞሽ አይጻፍ። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ የተደገመ ወሬ ያንገሸግሸኛል። መመሪያው በኔ ልክ የተሰፋ እስኪመስለኝ ድረስ ወደድኩት።

ሥራዬ ማዳመጥ ነው። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ እሰካለሁ፤ ፔዳሉን ስረግጥ ካሴቱ ይናገራል፣ እግሬን ሳነሳ ዝም ይላል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ጠረጴዛዬ ላይ ስትጋደም እኔ እዚያ ክፍል ውስጥ የለሁም። ከሞቱ የቆዩ ሰዎች ስለ ግብር፣ ስለ ግዳጅ ሥራ፣ ከባሕር ማዶ ስለመጡ ወታደሮች በጆሮዬ ያወሩኛል። ወደ ቤቴ ስመለስም አይለቁኝም። አንዳንዴ የሌለ ዛፍ እንዳይመታኝ ዝቅ ብዬ አልፋለሁ። ይህን ለእህቴ ብነግራት «መነጽርሽን ቀይሪ» አለችኝ።

ጡረታ ልወጣ ሁለት ወር ሲቀረኝ፣ አዲሱን የታሪክ መማሪያ መጽሐፍ የሚያዘጋጀው ኮሚቴ በኛ አዳራሽ መሰብሰብ ጀመረ። እኔ ወረቀት አቀባይ ሆኜ ጥግ ላይ እቀመጣለሁ። ጠቡ ስለ ታችኛው ሰፈር ነበር። ከዘጠና ዓመት ግድም በፊት የቅኝ ገዥው ጦር አንድ ንጋት ወደዚያ ሰፈር ወረደ፤ ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ የለም። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ይስማማል። ከዚህ በኋላ ግን ሽማግሌው ፕሮፌሰር ጠረጴዛ ይደበድባሉ።

«ዘር ማጥፋት ነው! በስሙ ይጠራ! ምዕራፍ ይሰጠው!»

ወጣቱ ዶክተር ድምፁን ከፍ አያደርግም። ክፉ ሰው አይደለም፤ ወረቀት ብቻ የሚያምን ሰው ነው። «የጦሩ መዝገብ የተቃጠሉት ስድስት ቤቶች ናቸው ይላል። ሌላው ሕዝብ ቀደም ብሎ በወረርሽኝ ተበትኗል። ስለዚህ የግርጌ ማስታወሻ ይበቃዋል» አለ።

«የገዳዩን መዝገብ ነው የምትጠቅስልኝ?»

«እሺ፣ የራሳችንን ምስክር ልጥቀስልዎ። ቃለ መጠይቅ አሥራ ሰባት፣ ገጽ አራት። ከሰፈሩ ተርፋ ቃሏን የሰጠች ብቸኛ ሴት ናት፤ ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች። እንዲህ ትላለች፦ ‹ከተደበቅኩበት ጉድጓድ ወጥቼ በመንገዳችን ሽቅብ ሄድኩ። አንኳኳሁ፣ ማንም የለም።› አንድ በር ነው ያንኳኳችው፣ ፕሮፌሰር። መንደር ሙሉ ሰው ቢያልቅባት ኖሮ ይሄን ብቻ ትል ነበር?»

እኔ ክው አልኩ። ገጹ የኔ ነው። ከሠላሳ ሰባት ዓመት በፊት የገለበጥኩት። ዶክተሩ ሲያነብ ደግሞ ወረቀቱ ላይ የሌለ ድምፅ ሰማሁ፦ ጣት በእንጨት ላይ ሲቆረቁር፣ ኳ ኳ ኳ። ሴትየዋ እያወራች ጠረጴዛውን ታንኳኳ ነበር። ያንኑ ዓረፍተ ነገር ስትደጋግመው አሮጊት ናት፣ ሐሳቧ ጠፍቶባት ነው ብዬ ካሴቱን ወደ ፊት አስሮጥኩት። ምን ያህል እንደዘለልኩ አላውቅም ነበር። ኮሚቴው ድምፅ የሚሰጠው በሦስተኛው ቀን ነው።

ቤት ገብቼ ለእህቴ ነገርኳት። እህቴ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ዛሬም ስታስብ አፏ ውስጥ የሌለ መርፌ ትነክሳለች። ትስቅብኛለች ብዬ ነበር፣ አልሳቀችም።

«እኔንም እኮ ትዘልይኛለሽ» አለችኝ። «እማዬ ልትሞት ስትል ያለችኝን አንድ ቀን አስጨርሰሽኝ ታውቂያለሽ?»

«ነግረሽኛላ!»

«ይኸው! መጨረሻውን ግን አታውቂውም።»

እውነቷን ነው፤ መጨረሻውን አላውቀውም። ያን ቀን ቁጭ ብዬ አስጨረስኳት። ምን እንደሆነ የኔና የሷ ጉዳይ ነው፤ ግን አለቀስኩ።

በማግስቱ ካሴቱን ከመደርደሪያ አወረድኩ። እውነቱን ልናገር፣ ካሴቱ ተበላሽቶ ባገኘው ብዬ ተመኝቻለሁ። ዳይሬክተሩ በስንብቴ ዕለት የሚሰጠኝን የምስክር ወረቀት አሳይቶኛል፤ «በፍጹም ታማኝነትና ጥራት» ይላል። ማንም ሳያውቅ ልወጣ የምችልበት ሁለት ወር ብቻ ነበር የቀረኝ። ካሴቱ ግን ደህና ነበር። ፔዳሉን ረገጥኩ።

«አንኳኳሁ፣ ማንም የለም» አለች። ኳ ኳ ኳ። «አንኳኳሁ፣ ማንም የለም።»

በእርሳስ ሰረዝ እያሰመርኩ ቆጠርኩ። አሥረኛው ላይ ስደርስ ፀሐይዋ ጠረጴዛዬ ላይ ነበረች፤ አሥራ አምስተኛው ላይ ግን ጠረጴዛ የለም። መንገዱ ቀጭን ነው፣ አቀበት ነው፣ አመዱ ለስላሳ ነው። ከፊቴ አንዲት ልጅ በባዶ እግሯ ትሄዳለች። በየበሩ ትቆማለች፣ ታንኳኳለች፣ ጆሮዋን ትደግናለች፣ ትጠብቃለች። እኔ ድግግሞሽ ያልኩት ያንን መጠበቅ ነበር። አንዱ በር ላይ ቀስ ብላ አንኳኳች፣ የተኛ ሕፃን እንዳለበት ቤት። አንዱ ላይ በሁለት እጇ ደበደበች። አንዱ ላይ ልትስቅ ምንም አልቀራትም፤ የጓደኛዋ ቤት ይሆናል፣ ተደብቃ የምትጠብቃት መስሏት ይሆናል። ማንም የለም። እጄን ልይዛት ዘረጋሁ፤ ማሽኑን ነካሁት። ስልሳ ሦስት በር ነው። ቀና ስል መስኮቱ ግራጫ ሆኗል፣ ቡናማው ካሴት አሁንም ይዞራል። እስከ መጨረሻው አዳመጥኩ፤ ከዚያ ሁሉንም አንድ በአንድ፣ መስመር በመስመር ጻፍኩት። አራት ገጽ ሆነ።

በሦስተኛው ቀን ከጥጌ ተነስቼ «ገጽ አራት የተሳሳተ ነው፤ ያሳሳትኩት እኔ ነኝ» አልኩ። ነገሩን ከሥሩ አስረዳሁ።

ፕሮፌሰሩ ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። ፊታቸው ግን ጠቆረ። «ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ በአንቺ ገጽ ስሸነፍ ኖርኩ!» አሉኝ። አንገቴን ደፋሁ። ዳይሬክተሩ ጣራ ጣራውን ያያል።

ዶክተሩ ወረቀቱን አገላበጠው። «እትዬ፣ አራት ገጽ በዛ። በቅንፍ ‹ስልሳ ሦስት ጊዜ ደገመችው› ይበሉና ይለቅ። እኔም እቀበላለሁ።»

«አልደገመችውም» አልኩት። «እያንዳንዱ ሌላ በር ነው።»

በመሥሪያ ቤታችን አንድ ደንብ አለ፦ የታረመ ገጽ የሚጸድቀው ገጹን የጠቀሰው ሰው ድምፁን አሰምቶ ሲያነበው ነው። ወረቀቱን መልሼ ዶክተሩ ፊት አስቀመጥኩት። ሰዓቱን አየ፣ ጉሮሮውን ጠረገና ጀመረ።

«አንኳኳሁ፣ ማንም የለም። አንኳኳሁ፣ ማንም የለም።»

መጀመሪያ እንደ ዕቃ ዝርዝር ነበር የሚያነበው። ሃያኛው አካባቢ ፍጥነቱ ቀነሰ። ሠላሳዎቹ ውስጥ ሲገባ በየመስመሩ መሐል መቆም ጀመረ፤ ቁም ያለው የለም። ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጨፈኑ። አዳራሹ ሽቅብ የሚሄድ መሰለኝ፤ ሁላችንም ከነወንበራችን በዚያ አመድ ላይ። ሃምሳዎቹ ላይ ድምፁ ሻከረ። ስልሳ ሦስተኛውን በሹክሹክታ አነበበው።

ከዚያ በታች ሁለት መስመር ይቀራል። የመጀመሪያው የሴትየዋ ነው።

«‹ሁሉንም ጻፋችኋቸው? ወይስ ከታችኛው በር እንደገና ልጀምርላችሁ?›» ብሎ አነበበ።

ሁለተኛው በካሴቱ ላይ ያነጋገራት ጠያቂ የመለሰላት ነው፦ አዎ እማማ፣ ሁሉም ተጽፏል። ዶክተሩ መስመሩን በዓይኑ አይቶ ቆመ። ቀና ብሎ አየኝ።

«ይሄንንም ላንብበው?» አለኝ።

«አዎ፣ አሁን አንብበው ልጄ» አልኩት።