ድምፁ አለ፣ ገበታው የለም

ቅዳሜ ረፋድ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ አዛውንቱ መነጽራቸውን ጠርገው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ። ጠረጴዛው ዛሬ ሰፋ ብሎ ታያቸው፤ ለክርናቸው ማሳረፊያ በማግኘታቸው ደስ አላቸውና ሌላ አልጠየቁም። ዳማው የሚከፈተው ስክሪኑ ላይ ያለችውን ትንሽ የጠጠር ምልክት ሁለት ጊዜ ሲነኳት ነው። ነኳት። አንዲት ክብ ነገር ጥቂት ተሽከረከረችና ጠፋች። ከዚያ በኋላ ምንም አልመጣም። ደግመው ነኩ። ያው ነው።

ዳማው ለሌላ ሰው ጊዜ ማሳለፊያ ነው። ለሳቸው ግን ከታላቅ ወንድማቸው ጋር ያስተሳሰረቻቸው የመጨረሻዋ ክር ነበረች። ወንድማማቾቹ አሥራ አንድ ዓመት ተኳርፈው ኖረዋል። የኩርፊያው መነሻ ምን እንደነበር ቢጠየቁ ሁለቱም የሚያስታውሱት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የጀመረው ሌላው መሆኑን። ታላቅየው በሌላ ከተማ ብቻቸውን ይኖራሉ። ጆሯቸው ከደከመ ወዲህ ስልካቸውን መሳቢያ ውስጥ ከተው ረስተውታል። አምና የአዛውንቱ አማች በሁለቱም ቤት ዳማውን ጫነላቸው። እነሱም እርቅ ሳይሉ፣ አስታራቂ ሳይልኩ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ መጫወት ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ ንግግራቸው ሁሉ ጠጠር መግፋት ሆነ።

ባለፈው ቅዳሜ ግን ነገር ተበላሸ። ታላቅየው በአንድ ዝላይ ሁለት ጠጠር በሉባቸው። አዛውንቱ ደማቸው ፈላ፤ እጃቸው ላይ የመጣላቸውን ጠጠር ገፉና መልሱን ሳይጠብቁ ማሽኑን አጥፍተው ተነሡ። ሳምንቱን ሙሉ ይኸው ሲቆረቁራቸው ሰነበተ። ጨዋታው ካቆመበት የሚቀጥለው ዛሬ አራት ሰዓት ላይ ነው። ተራው የደረሰው ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ ካልተጫወተ ገበታው ይታጠፋል፤ በወዲያኛው ቤትም «ተጋጣሚዎ ጥለው ሄደዋል» የሚል ጽሑፍ ይወጣል። ወንድማቸው ይህን ካነበቡ ሌላ አሥራ አንድ ዓመት እንደሚያኮርፉ አዛውንቱ ያውቃሉ። ሌላ አሥራ አንድ ዓመት ደግሞ ለሁለቱም የተረፈ አይመስላቸውም።

ልጃቸው በወዲያኛው ክፍል ልብስ ትሰፋ ነበር። ሲያጉረመርሙ ሰምታ መርፌዋን ደረቷ ላይ ሰክታ መጣች። ማሽን እንደ ሰው ነው፣ ሲያርፍ ይሻለዋል ብላ አጠፋችው፤ ጥቂት ቆይታ አበራችው። ምልክቷን ነካች፤ አምስቴ፣ አሥሬ ነካች። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነ። ቢቸግራት ወደ ታች ወርዳ ብሎንን ጠራችው።

ብሎን ከሕንጻው ሥር ሱቅ ከፍቶ ስልክና ኮምፒውተር የሚጠግን ጎልማሳ ነው። ፈትቶ ከገጠመው ዕቃ ሁሉ አንዳንድ ብሎን ስለሚተርፈው ስሙን ያወጣለት ሰፈሩ ነው። እሱም አይቀየምም፤ የተረፉትን በጠርሙስ ያጠራቅማቸዋል። መጣ፣ ጎንበስ ብሎ አየ፣ አገጩን አከከ።

«አባባ፣ ጨዋታው እኮ ተከፍቷል» አለ።

«የት?»

«ከታች ይቺን መስመር ያዩዋታል? ተከፍቷል ማለት ነው።»

«እኔ የማየው ባዶ ነው።»

«እኔም የማየው ባዶ ነው» አለ ብሎን። «ግን ተከፍቷል ይላል።»

ይህን እያሉ ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት አራት ሆነ፤ ከድምፅ ማጉያውም «ጠቅ» የሚል ድምፅ ወጣ። እንጨት እንጨት ሲመታ የሚሰማው ዓይነት ነው። ሦስቱም ተያዩ። ልጅቷ አጎቷ የተደበቁ ይመስል ከማሽኑ ጀርባ አጮልቃ አየች።

«ጋሼ ነው» አሉ አዛውንቱ። «ተጫወተ። ተራው የኔ ነው።»

አሁን ግራ መጋባቱ ለሦስቱም ተዳረሰ። ብሎን ቫይረስ ነው አለና ማጽጃ አስኬደ፤ ምንም አልተገኘም። የጠፋ ፋይል ይኖራል ብሎ ከዝርዝሩ ጋር አመሳከረ፤ ሁሉም በቦታው ነው። ዘግቶ ከፈተ። ከፍቶ ዘጋ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነበር። አራት ተኩል ሲሆን ላቡን ጠርጎ፣ አንድ መፍትሔ ብቻ እንደቀረ ተናገረ፤ ዳማውን ጨርሶ አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን። ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ልጅቷም ተስማማች፤ ቅዳሜ በሚቀጥለው ሳምንትም አለ፣ አጎቴ ይረዱናል አለች። አዛውንቱ ግን ማውሱን በመዳፋቸው ሸፈኑት።

«የሚሠራ ማሽን አይፈታም።»

«አይሠራም እኮ አባባ።»

«ድምፁ ይሠራል።»

አዛውንቱ ይህን ያሉት በግትርነት ብቻ አልነበረም። ሠላሳ አራት ዓመት በሲኒማ ቤት፣ ከተመልካቹ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ቆመው ፊልም ሲያሳዩ የኖሩ ሰው ናቸው። የማሽን ሕመም የሚለዩት በዓይን ሳይሆን በጆሮ ነው። ይህኛው ማሽን አልታመመም። ድምፁ አለ፤ ሥዕሉ የለም። እንዲህ ያለ ነገር ከዚህ ቀደም የት ነው የገጠመኝ እያሉ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ልጅቷ ያንቀላፉ መስሏት ለብሎን ምልክት ሰጠችው።

አላንቀላፉም። አንድ ቀን ዘበኛው ነጩን መጋረጃ ለእጥበት አውርዶ ሳይነግራቸው ቀርቶ ነበር። ፊልሙ ሲጀመር ተዋንያኑ ያወራሉ፣ የሚታይ ሰው ግን የለም፤ ከታች ፉጨቱ ቀለጠ። እሳቸው አምፖሉን ፈተሹ፣ ሌንሱን ወለወሉ፣ የፊልሙን ጥቅል ፈትተው መልሰው ጠቀለሉ። ሩብ ሰዓት ሙሉ ጤነኛ ማሽን ሲያክሙ ቆዩ። ሥዕሉ እኮ እየወጣ ነበር። የሚያርፍበት አጥቶ ጥቁሩ ግድግዳ ይውጠዋል እንጂ።

ዓይናቸውን ገልጠው ጠረጴዛውን አዩ። በግራ በኩል አቧራ ያልነካው አራት ማዕዘን ቦታ አለ። ለክርናቸው የተመቻቸው ቦታ ነው።

«እዚህ ምን ነበር?»

«ሁለተኛው ስክሪን ነዋ» አለች ልጅቷ። «ባለቤቴ ለሥራ ፈልጎት ትናንት ቢሮ ወሰደው።»

«እኔ የምጫወተው በየትኛው ነበር?»

ልጅቷ ባዶውን ቦታ አየች። «በትልቁ» አለች። «በዚያኛው።»

አዛውንቱ እጃቸውን ከማሽኑ ጀርባ ሰደዱ። አንድ ኬብል አገኙና እየዳበሱ ተከተሉት። አንደኛው ጫፍ እንደተሰካ ነው፤ ሌላው ከጠረጴዛው በስተኋላ ተንጠልጥሏል።

«ለዚህ ማሽን ማን ነገረው?» አሉ። «ስክሪኑ አሁንም እዚህ ያለ መስሎታል። ጋሼ ከተጫወተ ጀምሮ ገበታውን ለግድግዳ እያሳየ ነው።»

ብሎን ሊሆን ይችላል አለ፤ ላይሆንም ይችላል አለ። ወዲያው ደግሞ እንዴት ሳላስበው ቀረሁ ብሎ ግንባሩን መታ።

«ሌላ መጋረጃ ስቀሉ» አሉ አዛውንቱ። «የሳሎኑን ቴሌቪዥን አምጡ።»

ለአምስት ሰዓት አሥራ ሁለት ደቂቃ ቀርቷል። ብሎንና ልጅቷ ቴሌቪዥኑን ከወዲያና ከወዲህ ይዘው ሲገቡ ኬብሉ አልደረሰም። የስፌት ጠረጴዛዋን ገፉ፣ የተቆረጠ ጨርቅ ረገጡ፣ ልጅቷ ተራገመች። ኬብሉ ተሰካ። ቴሌቪዥኑ ሰማያዊ ሆነ፣ ጥቁር ሆነ፣ ከዚያም ገበታው እንዳለ ቦግ አለ፤ ጠጠሮቹ የሲኒ ማስቀመጫ ያህላሉ።

አዛውንቱ ተጠግተው አዩና እንደገና ግራ ገባቸው። ወንድማቸው ንጉሣቸውን አምጥተው ልክ የሳቸው ጠጠር አፍ ሥር አስቀምጠውታል። ብላኝ የሚል ንጉሥ ነው።

ጋሼ በስድሳ ዓመት ውስጥ አንዲት ጠጠር በነጻ ሰጥተዋቸው አያውቁም። በልጅነታቸው፣ አዛውንቱ በትኩሳት ተኝተው ሳለ እንኳ፣ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ገበታ ዘርግተው አሸንፈዋቸዋል። ታዲያ ይህ ምንድን ነው? በቁጣ እንደተነሣሁ ገብቶት ይሆን? ይቅርታ መሆኑ ይሆን? ወይስ አርጅቶ፣ ዓይኑ ደክሞ የሚገፋውን መለየት አቅቶት ነው? ይህ የመጨረሻው ሐሳብ ከሁሉም ይልቅ አስደነገጣቸው። ይቅርታም ቢሆን ጤና አይደለም፤ ጋሼ ይቅርታ የሚለው ሊሞት ሲል ነው።

«አባዬ፣ አራት ደቂቃ» አለች ልጅቷ።

ዳማ ላይ መብላት የሚችል ሰው ይበላል፤ ሕግ ነው፣ ምርጫ የለም። አዛውንቱ ንጉሡን በሉት። እጃቸው ከማውሱ ላይ አልተነሣም።

ጠቅ።

ጠቅ። ጠቅ።

ሦስት ጠጠሮቻቸው በአንድ ዝላይ ከገበታው ተጠረጉ፤ የወንድማቸው ጠጠር ወዲያኛው ጠርዝ ላይ ደርሶ ነገሠ። ወጥመዱ ከሳምንት ጀምሮ ሲሸመን የቆየ ነበር።

«ተበላህ እንዴ?» አለች ልጅቷ፣ እጇን ትከሻቸው ላይ አድርጋ።

አዛውንቱ ሆዳቸው እየተንቀጠቀጠ ሳቁ። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ።

«ደህና ነው» አሉ። «ጋሼ ደህና ነው።»

ብሎን ቴሌቪዥኑ ወደ ሳሎን ይመለስ እንደሆነ ጠየቀ። አዛውንቱ አልሰሙትም። ወንበራቸውን ወደፊት ስበው፣ የቀሯቸውን አምስት ጠጠሮች አንድ በአንድ ይመለከቱ ነበር።