ከጋሼ ዝምታ ጋር ማንበብ

ሸው። ትንሽ ጸጥታ፤ ከዚያ እንደገና ሸው።

አንድ ሰው የመጽሐፍ ገጽ እየገለጠ ነው። የስልኩ ማያ ገና ጥቁር ነበር፤ ድምፁ ግን ከምስሉ ቀድሞ ደረሰ። ሙጫ ያንን ድምፅ ሲሰማ ደረቱ ውስጥ ታምቆ የዋለው ትንፋሽ ወጣለት። "አለ" አለ ለራሱ፤ "ተመስገን፣ ዛሬም አለ።"

በየቀኑ ከሰዓት እንዲህ ነበር የሚጀመረው። ሙጫ ያሉት የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቹ ናቸው፤ ስልክ ከእጁ ስለማይላቀቅ። ገላውን ሲታጠብ እንኳ በላስቲክ ጠቅልሎ ይዞት ይገባል እያሉ ያሙታል። ሐሜቱም ውሸት አልነበረም።

ቀስ ብሎ ምስሉ ይመጣል፦ ጠረጴዛ፣ ወፍራም መጽሐፍ፣ ከመጽሐፉ በላይ ያጎነበሰ ራሰ በራ ሰው። ማን እንደሆነ ሙጫ አያውቅም። የማይተዋወቁ ሰዎች ካሜራ ከፍተው አብረው በሚያነቡበት መተግበሪያ ላይ፣ ከአራት ወር በፊት ዕጣ ነው ያገናኛቸው። ሕጉ አጭር ነው፤ ካሜራና ድምፅ ክፍት ይሁን፣ ወሬ የለም፣ ስም የለም። ሙጫም የራሱን ስም አወጣለት፤ ጋሼ ዝምታ። ጋሼ ዝምታ ሲከብደው ጆሮውን በእርሳስ ይኮረኩራል፣ ሲገባው ራሱን ይነቀንቃል። ሙጫም አብሮት ይነቀንቃል። ሰውየው ያነበበ ቀን ያነባል፤ የቀረ ቀን መጽሐፉን አቅፎ ይውላል። አንድ ሰሞን ጋሼ ዝምታን ሳል ይዞት ሲከርም ሙጫን እህል አልወርድ ብሎት ነበር፤ አጎቱ የታመመበት ነበር የሚመስለው።

ሙጫ የሚኖረው ከታላቅ እህቱ ጋር ነው። እትዬ ልብስ ሰፊ ናት፤ የአንዲቱን ክፍላቸውን እኩሌታ የስፌት መኪናዋና የተማሪ ዩኒፎርም ክምር ይዞታል። መጀመሪያ ላይ በስልኩ የሚያየው ሴት ናት ብላ ጠርጥራ፣ አንድ ቀን በትከሻው ላይ አጮልቃ ብታይ መላጣ። በከንፈሯ የያዘችው መርፌ እስኪወድቅ ሳቀች። እኔ ደግሞ ቆንጆ አገኘ ብዬ ልድርህ ሳስብ ነበር እያለች ሳምንቱን ሙሉ ቀለደችበት።

ቀልዱ የቆመው የዩኒቨርሲቲው ፈተና ሲደርስ ነው።

ስልክ በፈተናው ክፍል በር ላይ ተሰበሰበ። ሙጫ ወረቀቱን ሲያየው ጥያቄዎቹን ያውቃቸዋል፤ ጆሮው ግን ሌላ ነገር ይጠብቅ ነበር። በዙሪያው ስልሳ እስክሪብቶ ይጫጭራል፣ ያቺ ሸው የምትለው ግን የለችም። የመጀመሪያውን ጥያቄ አንብቦ መጨረሻው ላይ ሲደርስ መጀመሪያው ይጠፋበታል። ላብ አጠመቀው። ሁለት ሰዓት ተቀምጦ ባዶ ወረቀት አስረክቦ ወጣ። መምህርቷ ጠርታ፣ ሰኞ ጠዋት ቢሮዋ ውስጥ ብቻውን ደግማ እንደምትፈትነው፣ ያኔም ወረቀቱ ባዶ ከሆነ ከትምህርቱ መሰናበቱ እንደሆነ ነገረችው።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ሙጫ ጥርሱን ነክሶ ስልኩን ለእህቱ ሰጣት። እስኪመሽ ያዥልኝ፣ ብለምንሽም እንዳትሰጪኝ አላት። እሷም የስፌት መኪናዋ መሳቢያ ውስጥ ቆልፋ ቁልፉን ጡቷ ስር ሸጎጠችው።

ተቀመጠ። አንድ መስመር አነበበ። ደግሞ አነበበው። የስፌት መኪናው እየጮኸ እያለ ደህና ነበር፤ እትዬ ክር ልትቀይር ስታቆመው ግን ክፍሉ ጭር አለ። ከኋላው ሰው የቆመ መስሎት ዞረ። ግድግዳ ነው። ያስፈራው ደግሞ ማንም አለመኖሩ ነበር። ማንም ካላየኝ ማንበቤን በምን አውቃለሁ የሚል ሐሳብ መጣበት፤ ሐሳቡ የሞኝ መሆኑ ገብቶታል፣ ሊያባርረው ግን አልቻለም። ያቺኑ መስመር ለአስረኛ ጊዜ ሲያነባት ፊደሎቹ አንድ በአንድ ይታወቁታል፣ ቃል አልሆን አሉት እንጂ።

ስልኩን ጠየቃት። ቃል ቃል ነው አያ ሙጫ አለችና ሳቀችበት። ደግሞ ለመናት፤ አልሰማሁም አለች። ሦስተኛ ላይ አልለመነም። ዝም ብሎ መሳቢያውን ማየት ጀመረ። እትዬ ቀና ብላ ፊቱን ስታይ እግሯ ፔዳሉ ላይ ቀረ። ቁልፉን አወጣች።

"ወንድሜ" አለች ስልኩን እያቀበለችው፣ "እኔንም አስፈራኸኝ። ያ ሰውዬ ሰኞ አብሮህ አይገባም እኮ።"

ተቀብሏት ማያውን ከፈተ። ሰውየው ነበረ፤ አጎንብሷል። ሙጫ በአራት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሕጉን አፈረሰ።

"ጋሼ" አለ።

የሰውየው እርሳስ ከእጁ ወደቀ። ሙጫ አፉ ከተከፈተ በኋላ መዝጋት አቃተው፤ ሰኞን፣ ባዶውን ወረቀት፣ ያለ እሳቸው አንድ መስመር እንደማይገባው፣ ሁሉንም ዘረገፈው። አንድ ነገር ብቻ ይበሉኝ ብሎ ጨረሰ።

ሰውየው ከጎረቤት ድምፅ እንደሰማ ሰው ግራ ቀኙን አየ።

"ማነህ አንተ?"

"እኔ ነኝ ጋሼ። በየቀኑ የሚያዩኝ ልጅ።"

"አይቼህ አላውቅም።" ድምፁ ሙጫ እንደጠበቀው ወፍራም አልነበረም፤ የፈራ ሰው ድምፅ ነበር። "ማያው ላይ ወረቀት ለጥፌበታለሁ። ሰው ካየሁ ማንበብ አልችልም። የሚያየኝ ካለ ይበቃኛል፤ ማንም ይሁን።"

እትዬ ከጀርባው መጥታ ቆማ ነበር። እጇን ትከሻው ላይ አሳረፈች። ሙጫ አራት ወር ሙሉ ራሱን ሲነቀንቅ የኖረው ለወረቀት ኖሯል። ሌላ የሚይዘው ነገር ግን አልነበረውም።

"እንግዲያው አሁን ይዩኝ" አለ። "አንዴ ብቻ።"

ከዚያ እጅ መጣ፤ ማያውን ሞላው፤ ፕላስተር ሲላጥ ተሰማ። እጁ ሲነሳ የሰውየው ዓይኖች ፊት ለፊት ነበሩ። ሙጫ ፈገግ ሊል ሞከረ፣ ከንፈሩ እምቢ አለው። ሰውየው አየው። ትክ ብሎ፣ ዓይኑን ሳያርገበግብ አየው፤ የልጁን ግንባር፣ ላቡን፣ ስልኩን የጨበጡትን ሁለት እጆቹን። ቀና ብሎ ከኋላ የቆመችውን እትዬን አየ፤ ተመልሶም ልጁን። ወደ መጽሐፉ አጎንብሶ አንድ መስመር በጣቱ ጀመረ፣ ያንኑ ደግሞ ጀመረ፤ አልሆነለትም።

መጽሐፉን ከደነው። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ተነሳና ሄደ።