ከእርሻው መሃል የቆመው ኦኽሪም

ኔኦኒላ ከሚኮላይቭ ከተማ የሚመጣውን የውሃ ቦቴ መንገድ ዳር ቆማ ስትጠብቅ፣ አንዲት ጎረቤቷ ክንዷን ያዝ አድርጋ ወደ እርሻው አሳየቻት። ወራሪው ጦር መንደራቸውን ለቆ ከወጣ ጀምሮ ማንም ባልረገጠው፣ ሳይታጨድ ቆሞ በደረቀው የሱፍ አበባ ውስጥ አንድ ሰው ሲሄድ ይታያል። ትከሻው ላይ ትልቅ የቧንቧ መፍቻ ተሸክሟል። አካሄዱን ስታይ አወቀችው። ዋርሳዋ ኦኽሪም ነበር፤ የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም።

እርሻው ፈንጂ የተቀበረበት መሆኑን የማያውቅ ሕፃን እንኳ በመንደሩ የለም። የመንደሩ የውሃ ፓምፕ ያለው ከእርሻው ማዶ ነው፤ ቧንቧውም በእርሻው ሥር ያልፋል። አንድ የእርዳታ ድርጅት አዲስ ሞተር ቢያመጣም፣ መሬቱ ሳይጸዳ ሠራተኛ አልክም አለ። ፈንጂ አምካኞቹም ዛሬ ነገ ሲሉ በጋው አልፎ ውርጭ መጣ። እስከዚያው ቦቴው የሚያመጣውን የምታከፋፍለው የመንደሩ አስተዳዳሪ ኔኦኒላ ናት፤ ለአንዱ ሳትጨምር ለሌላው ሳታጎድል፣ ለየቤቱ እኩል። በዚህም ትኮራ ነበር።

ደወለችለት። ጠርቶ ጠርቶ ሊዘጋ ሲል አነሳው።

«ይቁሙ» አለችው። «እግርዎን እንዳያነሱ።»

«ከግማሽ በላይ መጥቻለሁ። ቧንቧው የት ጋ እንደሚያፈስ አውቃለሁ። አንቺ ስብሰባሽን ተሰብሰቢ።»

«በቀኝዎ በኩል ያለው አጥንት የምንድን ነው?»

በጸደይ ወራት ከበረት አምልጣ እዚያ ፈንጂ ረግጣ የቀረችውን የጎረቤት ላም ሁለቱም ያስታውሳሉ። ድምፁ ተለውጦ፣ ከፊቱ በአገዳዎቹ መካከል ቀጭን ሽቦ እንደሚታየው ነገራት።

ኔኦኒላ በጎረቤቷ ስልክ ለፈንጂ አምካኞቹ ደወለች። አለቃቸው ዴምያን የሚባል ሰው፣ ሌላ ወረዳ ውስጥ እንዳሉና እንደሚመጡ፣ እስኪደርሱ ግን ሰውየው እንዳይቀመጥ፣ በመጣበትም እንዳይመለስ አስጠነቀቃት።

መንደርተኛው መንገዱ ላይ ተሰበሰበ። ቦቴው መጥቶ ቆመ፤ ጀሪካን ይዞ የተጠጋው ግን የለም። ነፋሱ ደረቁን አገዳ ባንኳኳ ቁጥር ሁሉም ይሳቀቃል። ኦኽሪም ጉልበቴ ዛለ፣ ትንሽ ልቀመጥ ማለት ጀመረ። ኔኦኒላ ዝም ካለች እንደሚወድቅ ገባትና ስለ አየሩ፣ ስለ ድንቹ፣ ስለ ሟች ባሏ ስትለፈልፍ ቆየች። ወሬ ሲያልቅባት ተቆጣች።

«በስተርጅና ምን ሊያደርጉ ገቡበት? ውሃው አልደረሰዎትም?»

«ለመጠጡና ለቦርሽ ሾርባው ደርሶኛል» አለ። «ለሆርፒና ግን አልበቃም።»

ሆርፒና ሚስቱ ናት። መታመሟን ሁሉም ያውቃል። ኦኽሪም ግን ተሽሏታል እያለ ሰው ደጁን እንዳያልፍ ካደረገ ከርሟል።

«ግማሽ ጎኗ አይንቀሳቀስም። ከአልጋ አትወርድም። አንሶላዋን በየቀኑ ማጠብ አለብኝ፤ በምን ልጠበው? ጀርባዋ ቆስሏል። ትሸታለች፣ ኔኦኒላ። እንዴት ያለች ንጹሕ ሴት እንደነበረች ታውቂያለሽ።»

«ምነው ሳይነግሩኝ?»

«ብነግርሽ ከማን ጉሮሮ ነጥቀሽ ልትሰጪኝ? እኩል ነው ብለሽ ባደባባይ ተናግረሻል። ለዋርሳዋ ጨመረች ይበሉሽ?»

ውሃ በታደለ ቁጥር በሩ ላይ ቆማ ትጠራው ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ ልግባ አላለችም። እንባዋ መጣ። ግን ድምፅዋ ከተሰበረ እሱም አብሮ ሊሰበር ነው፤ ዋጥ አደረገችው።

«አሁን ሴቶች ልላክላት? ቦቴው እዚህ ነው።»

አገዳው ሲንኳኳ በስልኩ ውስጥ ይሰማታል።

«ላኪ» አለ በመጨረሻ። «ውሃውን ለብ ያድርጉላት።»

ዴምያን የደረሰው ፀሐይዋ ማዘቅዘቅ ስትጀምር ነው። በደረቱ ተኝቶ መሬቱን በቀጭን ዘንግ እየወጋ፣ ምልክት እየተከለ ሄደ። እንደዚያ ያለ ቀርፋፋ አካሄድ ኔኦኒላ አይታ አታውቅም። ሲመለሱ ኦኽሪም የዴምያንን ኮቴ በኮቴ እየተከተለ ወጣ፤ መንገዱ ላይ እንደደረሰም ቁጭ አለ። እሱ ካለፈበት ዱካ አጠገብ፣ ጫማው ጠርዙን ታክኮ ያለፈው አንድ ፈንጂ ተገኝቶ ነበር። ዴምያን አላባበለውም። በእርስዎ ምክንያት የአንድ ትምህርት ቤት ግቢ ጀምረን ትተን መጣን አለው። ኦኽሪም አንገቱን ደፋ።

በማግስቱ ኔኦኒላ መንደሩን ሰብስባ፣ በሽተኛና ጨቅላ ያለበት ቤት ከእንግዲህ ተጨማሪ ውሃ እንደሚያገኝ ተናገረች። ለዘመዷ ነው ብለው ያጉረመረሙ ነበሩ። አልተከራከረቻቸውም። ሴቶቹ በየተራ ወደ ሆርፒና እየገቡ ክረምቱን አጠቧት፤ ቁስሏም መጠገግ ጀመረ። ነገር ግን በረዶው ሳይቀልጥ አረፈች።

በጸደይ መሬቱ ጸድቶ ቧንቧው ተቆፈረ። ኦኽሪም ያሰበው ስንጥቅ እውነትም ነበር፤ ግን ቧንቧው ከዚያም ወዲያ በየቦታው ተበጣጥሶ ተገኘ። ደርሶ ቢሆን እንኳ ብቻውን ምንም ማድረግ ባልቻለ ነበር። ይህን ቆሞ አየና ወደ ቤቱ ሄደ።

ዛሬ መንደሩ ውሃ አለው። ሰዉም በእርሻው መሃል አቋርጦ ወደ ፓምፑ ይሄዳል። ኔኦኒላ ግን መሬቱ መጽዳቱን በፊርማዋ የተረከበችው እሷው ሆና ሳለ፣ እስካሁን በመንገዱ ዞራ ነው የምትሄደው።