የአርባ ቤት ጭስ

መንደሩ በሙሉ ጥሎ ሲሄድ እኔን ለይተው ያስቀሩኝ ውሸታም ስለሆንኩ ነው።

የመሬቱ ጌታ ታኩር ከእህላችን ግማሹን ከወሰደ በኋላ በልጁ ሠርግ አሳቦ ሌላ ግብር ጣለብን። ከየቤቱም አንድ አንድ ሰው ያለ ደሞዝ ለሚያሠራው ግንብ ድንጋይ እንዲሸከም አዘዘ። ሽማግሌያችን ኦንካር ካካ፣ "መሬቱን ሳንዘራ እንተውለት፤ ራሱ ይረሰው" አሉ። የቻምባልን ወንዝ ከተሻገርን የሌላ ንጉሥ ግዛት ነው፤ የታኩር ፈረሰኞች አይነኩንም። ግን ከልጅና ከምናልበው ጎሽ ጋር ሦስት ቀን ያስኬዳል፤ የግንቡ ዘብ ደግሞ በየጠዋቱ የመንደሩን ጭስ ያያል።

"ዳላ፣ አንተ ቅር" አሉኝ ካካ። "የአርባውን ቤት ምድጃ አንድድ። ተሻግረን ከማዶው ኮረብታ ላይ ጭስ ስናስነሣልህ ትከተለናለህ።"

"ብቻዬን?"

"ነብር ጆሮውን ይዤ ውሃ አጠጣሁ ስትል አልነበር? ኩበት ፈራህ?"

ሳቁብኝና ሄዱ።

የመጀመሪያው ቀን ደስ ይል ነበር። ከቤት ቤት እየሮጥኩ ኩበት አነደድኩ፤ እንደ ካካ ሳልኩ፣ እንደ ጎረቤቴ ናቲ ተሳደብኩ። በሁለተኛው ቀን ሰው ከሚሰበሰብበት ዛፍ ሥር ተቀምጬ የነብሩን ወሬ ጀመርኩ። ሁልጊዜ አንዱ "ውሸታም!" ብሎ የሚያቋርጠኝ ቦታ ስደርስ ቆም አልኩ። ማንም አላቋረጠኝም።

በሦስተኛው ቀን የታኩሩ ሹም በፈረስ ሲመጣ ከሩቅ አየሁት። ሮጬ በየበሩ የኒም ቅጠል ሰቀልኩ። ኒም የተሰቀለበት ቤት ፈንጣጣ ገብቶበታል፤ ማንም አይረግጠውም።

ሹሙ ከመንደሩ ጫፍ ልጓሙን ሳበ። "ሁሉም ቤት?"

"ሁሉም ጌታዬ።"

"አንተስ?"

"እኔንማ ገና ማሳከክ መጀመሩ ነው።" ጀርባዬን እያከክሁ ጠጋ አልኩት። ፈረሱን እንዴት እንደጋለበው! ጥምጥሙ ወድቆ እንኳን አልተመለሰም።

በማግስቱ ከወንዙ ማዶ፣ ኮረብታው ላይ ጭስ ተነሣ። ጥምጥሙን ጠምጥሜ፣ እየዘፈንኩ መንገድ ጀመርኩ። ለካ ሹሙ በሽታው እንዳይወጣ ብሎ በየመውጫው ጦረኛ አቁሟል።

"ተመለስ አንተ በሽተኛ! እወጋሃለሁ!"

"ኧረ ወንድሜ ደህና ነኝ! ፈንጣጣ የሚባል የለም፤ ሰውም የለም፣ ሁሉም ተሻግረዋል!"

"ውሸታም!" አለኝ ጦሩን ሰብቆ።

ከማዶ ጭሱ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄደ። ተመልሼ ዛፉ ሥር ተቀመጥኩና የነብሩን ወሬ ካቆምኩበት ቀጠልኩ።