ስድስተኛው ጣት

፩

እጅህን ዘርጋ። አምስት ጣት አለህ። የወል ቤት ግጥም ግን አንዱን ስንኝ ለሁለት ይከፍልና በየግማሹ ስድስት ስድስት ምት ይፈልጋል። ስድስተኛውን ጣት ከየት ታመጣለህ?

እኔ ከወንድሜ ከደርቤ ነበር የማመጣው። አውራ ጣቱን ያበድረኛል።

፪

ስለ እኔ። ቅኔ ቤት ሰባት ዓመት ተቀምጫለሁ። (ውሸት ነው። አራት ወር። ውሻ አባረረኝ።) የጎረቤታችን በቅሎ ግጥሜን ሰምታ ወልዳለች። (ይሄ እውነት ነው። የሚመሰክር ጠፋ እንጂ።)

ስለ ደርቤ። ይንተባተባል። «ውሃ ስጡኝ» ብሎ እስኪጨርስ ምንጭ ወርዶ መመለስ ይቻላል። በግጥም ግን አንድም ቀን አልተንተባተበም። ጣቴን ይዞ መቁጠር ሲጀምር ምላሱ ይፈታል። ከሰው ጋር ደህና አድርጎ የሚያወራው በዚያ ብቻ ነበር።

፫

በሠርጉ ቀን፣ አማቶቹ ፊት፣ ይሄን አወረድኩ፦

ሙ… ሙ… ሙ… ሙሽራው   ቃል ሲገባ መሸ
ሙ… ሙ… ሙሽሪትን   እንቅልፍ ይዟት ሸሸ

ቁጠረው። አይጎድልም። በመንተባተቡ ነው የሞላሁት። ዳሱ በጭብጨባ ተናጋ። በሕይወቴ ምቱ ያልተዛነፈ ግጥም የገጠምኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲያ ደርቤ ግጥም አላለም።

አላለም።

ዐሥራ አንድ ዓመት ገበያ በወጣ ቁጥር «ሙ ሙ ሙ» እያሉ አጨበጨቡለት። እኔንም አላናገረኝም። ባለፈው ሳምንት ወባ ወሰደው።

፬

ለቅሶው ላይ የተባለ፣ እንዳለ፦

አልቃሿ እትዬ ጠጅቱ፦ አንተ፣ ለወንድምህ አንድ ሙሾ አውርድለት እንጂ። ታውቅበት የለም?

ያለምወርቅ፣ ሚስቱ፦ ተዪው እትዬ። እስካሁን ያወረደብን ይበቃናል።

ጠጅቱ፦ ወንድሙ እኮ ነው፣ ልጄ።

ያለምወርቅ፦ በሠርጋችንም ቀን ወንድሙ ነበር።

እኔ፦

፭

አወረድኩ።

ጣትህን አበድረኝ   አምስት ብቻ ቀረኝ

ሰዉ ደረቱን ደቃ። ስድስት። ስድስት። ያው የሠርጉ ምት ነው፤ ጭብጨባው ወደ ደረት ዞረ እንጂ። ከኋላ አንዱ አፉን በጋቢው ሸፈነ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እያለቀሰ አልነበረም። ያለምወርቅ አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ።

ሁለተኛውን ስንኝ ጀመርኩ፦

ደርቤ ወንድሜ

ደር። ቤ። ወን። ድም። ሜ።

አምስት።

እጆች ሁሉ ደረት ሳይነኩ አየር ላይ ቆሙ። «ደ… ደርቤ» ብዬ ብጀምረው ኖሮ ይሞላ ነበር። የለመድኩት መሙያ እሱ ነው፤ ሰዉም እሱን ነው የሚጠብቀው። ያለምወርቅ አፍ አፌን ታያለች።

አንተ የምታነበው፣ እጅህን እንደዘረጋህ ነው አይደል? ና፣ አንድ ጣት አበድረኝ።

፮