ግማሽ መኪና

“እትዬ ኑርጃን፣ ይሄ እኮ የቤት ዕቃ አይደለም፤ ሱቅ ነው!” አለ ታደለ፣ የጓዳውን በር ገፋ አድርጎ እንዳየ።

ታደለ የአይሱዙ ሾፌር ነው። ትናንት ከአዳማ ሲሚንቶ ጭኖ መካነ ሰላም ገብቷል። ነገ ጠዋት ባዶውን ከሚመለስ፣ የኑርጃንን ዕቃ በመልስ ጭነት ዋጋ ሊወስድላት አዳማ ካለው ልጇ ከጠልሐ ጋር በስልክ ተነጋግረዋል። ዋጋውን ለመቁረጥ ግን ዕቃውን በዓይኑ ማየት ነበረበት። ሳሎን ያለውን አየ። አንድ አልጋ፣ አንድ ቁምሳጥን፣ ሁለት ፍራሽ፣ ድስትና ሰፌድ፣ የሟች ባሏ ኪታቦች የታሰሩበት ጆንያ። “ይሄ ግማሽ መኪና ነው፤ ሃያ አምስት ሺህ” ብሎ ሊጨርስ ሲል ነው የጓዳውን በር የገፋው። ካርቶኑ ከወለል እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። ሁሉም በቡናማ ፕላስተር ተጠቅልሎ በገመድ ታስሯል።

“ይሄም ሊጫን ነው?”

“ዋናው እሱ አይደለም እንዴ! የልጄ የሀይፋ ነው። ከጅዳ የላከችው። ስታገባ ቤቷን የምታሞቅበት።”

“እንግዲያው ሙሉ መኪና ነው። አርባ አምስት ሺህ።”

“ያ ረቢ! ሃያ ሺህ ለካርቶን?”

“ለቦታው ነው እንጂ ለካርቶንማ አይደለም። እርስዎ ግማሹን ከተዉልኝ አንድ የስንዴ ነጋዴ እየጠበቀኝ ነው። እስከ አስር ሰዓት ቁርጡን ይንገሩኝ።” ከዚያ አንዱን ካርቶን በጣቱ መታ መታ አደረገው። “ደግሞ ምን እንዳለበት ያልታወቀ ነገር አልጭንም። ከዚህ አዳማ ስንት ኬላ ያለ ይመስልዎታል? ከክልል ወደ ክልል ሲሻገሩ ፈታሹ በቢላ ነው የሚቀደው። ‘ምንድን ነው?’ ሲለኝ ‘እኔ እንጃ’ ልበለው?”

“ከቀበሌ መሸኛ አውጥቻለሁ።”

“መሸኛው አልጋና ቁምሳጥን ነው የሚለው። እኔ ስድስት ልጅ አለኝ፤ በሰው ካርቶን አልታሰርም” አለና ወጣ።

ኑርጃን ፍራሹ ላይ ቁጭ አለች። የቤቱ ባለቤት ቤቱን ለልጁ ስለፈለገው በወር ውስጥ እንድትለቅለት ለምኗታል። ለምኗታል ይባል እንጂ፣ ውጪ ማለቱ ነው። ጠልሐም “ብቻሽን ከምትሆኚ እኔ ጋ ነይ፤ ሰፈሬ አንድ ክፍል ልከራይልሽ” ካላት ቆይቷል። በእጇ ያለው አርባ ሺህ ብር ሲሆን፣ እሱንም የላከችው ሀይፋ ናት። ግማሽ መኪና ከያዘች ለጫኝና አውራጅ ከፍላ፣ የአዳማውን ቤት ቅድሚያ ከፍላ፣ እፎይ ትላለች። ሙሉ መኪና ከያዘች ግን ለሾፌሩ እንኳ አይበቃም። ሂሳቡን ከወዲያም ከወዲህም ብትጀምረው መጨረሻው ያው ነው።

ስልኳ ጮኸ። ጠልሐ ነው።

“እማ፣ ታደለ ነገረኝ። ምን ይሻላል? ካርቶኑን እዚያው ሽጪዋ!”

“የሰው አማና፣ የሰው አደራ ይሸጣል? አባትህ ቢሰማህ ምን ይል ነበር?”

“አባቴማ ‘ለካርቶን ሃያ ሺህ ብር አይከፈልም’ ይል ነበር” አለ ጠልሐ። ቀጥሎም፣ “ለሀይፋ ደውዬላታለሁ” አላት።

“ምን ብለህ?”

“ዕቃው በዝቶ መኪናው ተወዷል ብዬ። ስለ ካርቶኑ አልነገርኳትም፤ አትንገራት ስላልሽኝ። ውሏ በዚህ ወር ያልቅ የለ? ለሌላ ሁለት ዓመት ከፈረመች ማዳሟ ደመወዟን በቅድሚያ ልትሰጣት ነው። ዛሬ ትፈርምና ብሩን ነገ ትልክልናለች።”

ሀይፋ ስትሄድ አስራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ከሄደች ዘጠኝ ዓመት ሆናት። በዚህ ወር ውሏ ሲያልቅ ትመጣለች ብላ በሆዷ ስትጠብቅ ነበር፤ ለማንም አልተናገረችም፤ የተናገሩት ነገር ይቀራል ትላለች። አሁን ደግሞ ሁለት ዓመት። ግን ወዲያው ጓዳውን አየችና ራሷን አጽናናች። ልጅቷ ባዶ እጇን መጥታ ባዶ ቤት ከምትገባ፣ ትንሽ ቆይታ ሙሉ ቤት ብትገባ አይሻልም?

“ሁለት ዓመት ምን አላት” አለች ለጠልሐ። ድምጿ ግን ለራሷም የሰው ድምፅ መሰላት።

ጎረቤቷ በዛች ስትገባ ኑርጃን አሁንም ከፍራሹ አልተነሳችም። የሁለቱን ቤት የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው። በዛች ለፋሲካ ስታርድ ለኑርጃን ዶሮውን በነፍሱ ትልክላታለች፤ ኑርጃንም በሙስሊም እጅ አሳርዳ ትበላዋለች። ሃያ ዓመት እንዲሁ ኖረዋል። ዛሬ በዛች የመጣችው የሽንኩርት ቢላ ይዛ ነው።

“ሾፌሩን በር ላይ አገኘሁት። ካልተከፈተ አልጭንም አለ አይደል? ተነሺ፣ እንክፈተው።”

“አማና ነው፣ በዝዬ። ባለቤቷ ሳትኖር እንዴት ይከፈታል?”

“አማናን አይጥ እንዳይበላው ማየትም ወላሂ አማና ነው” አለች በዛች፤ በማርያም የምትምለው ገበያ ላይ ብቻ ነው። “ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንዱንም አልከፈትሽም?”

“አንዱንም።”

በዛች ጥያቄም አልጨመረች፣ ፈቃድም አልጠበቀች። የላይኛውን ካርቶን አወረደችና ፕላስተሩን ሰነጠቀችው።

ብርድ ልብስ ነው። ነብር የተሳለበት፣ ከባዱ፣ ያ ሰው ሁሉ የሚመኘው። በዛች “ወይ ማማሩ!” ብላ ስትዘረጋው ሽታው ጓዳውን ሞላው። በግድግዳው በኩል የነበረው ወገን ጠቁሯል፤ የክረምቱ ውኃ በግድግዳው እየሰረገ ሲጠጣው ከርሟል። ነብሩ ግማሽ ፊቱ የለም። ሁለተኛው ካርቶን ውስጥ ጫማዎች አሉ፤ ሽፋናቸው እንኳ ያልተነካ። ኑርጃን አንዱን አንስታ ሶሉን ጎንበስ ብታደርገው እንደ ደረቀ ዳቦ እየተፈረፈረ እጇ ላይ ቀረ። ሶሉን መልሳ ልትገጥመው ሞከረች፤ በዛች ከእጇ ወሰደችባት።

“ይሄስ ደህና ነው” አለች በዛች፣ ከሦስተኛው ካርቶን ጥቁር አባያ እያወጣች። “ቁሚ እስኪ፣ ልለካልሽ።”

“ለእኔ ምን ያደርጋል? የሀይፋ ነው።”

“ልኩን ልየው ነው እንጂ ልበሽው አላልኩሽም።”

በዛች አባያውን በኑርጃን ትከሻ ላይ ይዛ ወደታች ለቀቀችው። ጫፉ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ሲደርስ ቆመ። ልክክ አለ። በዛች ልብሱን አየችው፤ ኑርጃንን አየቻት፤ እንደገና ልብሱን አየችው።

“ኑርጄ” አለች ቀስ ብላ። “ሀይፋ ቁመቷ የአባቷ አይደለም እንዴ? በሩን ጎንበስ ብላ ነበር እኮ የምትገባው። ይሄ ለሷ ጉልበቷ ላይ ነው የሚቀረው።”

ኑርጃን ሌላ አባያ አወጣች፤ ያው ልክ ነው። ሌላም። ጫማዎቹን ገልብጣ አየች፤ ትንንሽ ናቸው፣ የራሷ እግር የሚገባባቸው። ከሥር የጉልበት ቅባት አገኙ፤ በዛች ጽሑፉን አስጠግታ አየችና ጊዜው ካለፈ አራት ዓመት ሆኖታል አለች። የሱፍ ካልሲ። የወገብ ማሰሪያ። ለሙሽራ የሚሆን አንድ ነገር እንኳ የለም።

“ሁሉም የእኔ ነው” አለች ኑርጃን።

ሀይፋ አልዋሸቻትም ነበር። ካርቶኑ ደሴ በደረሰ ቁጥር ትደውላለች፤ “እማ፣ ላንቺ ነው፣ ልበሽው፤ ብርዱን ፍሪው” ትላለች። ኑርጃን ግን ይሄን የልጅ ይሉኝታ ነው ብላ ነው የወሰደችው። ለእናት ላኩ ይባላል፣ እናት ደግሞ ለልጇ ታስቀምጣለች፤ የጨዋ ቤት ወጉ እንደዚህ ነው ብላ። ሌላም ነገር ነበረበት። የሀይፋ የመጀመሪያ ካርቶን ከመምጣቱ በፊት፣ ልጇን ዐረብ አገር የላከች አንዲት የሰፈር ሴት አዲስ ሻርፕ ለብሳ ለቅሶ ቤት ስትገባ፣ ሴቶቹ “የልጇን ላብ ለብሳ መጣች” ብለው ሲያሟት ኑርጃን በጆሮዋ ሰምታለች። አፍራም አላስቆመቻቸውም። እንደዚህ ከምባል ብርዱ ይግደለኝ ያለችው የዚያን ዕለት ነው። “ለበስሽው?” ስትባል “ለብሼዋለሁ፣ ሞቆኛል፣ አላህ ያሙቅሽ” እያለች ካርቶኑን በካርቶን ላይ ትደርብ ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለካ ለሷ ኖሯል።

“ለሾፌሩ ደውይለት” አለቻት በዛችን። “ግማሽ ነው በይው። ሌላውን ለስንዴው ይስጠው።”

በዛች ደውላ ነገረችው። ስልኩን ገና ከመዝጋቷ የኑርጃን ስልክ ጮኸ። ሀይፋ ናት።

“እማ፣ አታስቢ! ማዳም ወረቀቱን አምጥታዋለች፣ ልፈርም ነው። ሙሉ መኪናውን ያዢ።”

“ተይ፣ አትፈርሚ። ግማሹ ይበቃኛል፤ ይኸው አሁን ነገርነው።”

“ጠልሐ ዕቃው በዝቷል አላለኝም እንዴ? ለኔ ብለሽ ዕቃሽን እንዳትጥዪ።”

“ጠልሐ ምን ያውቃል? ምን ዕቃ አለኝ? አንቺ የላክሽልኝንም ለብሼ ጨረስኩት። የሚጫን የለም።”

በዛች ቀና ብላ አየቻት። ኑርጃን ፊቷን አዞረች።

“ጨረስሽው?” ሀይፋ በደስታ ሳቀች። “ብርድ ልብሱንም? ጫማውንም?”

“ሁሉንም።”

“አልሐምዱሊላህ! እማ፣ ታውቂያለሽ? ማዳም ስትጮህብኝ ‘ይሁን፣ እናቴ ሞቋት ተኝታለች’ እላለሁ፤ እሱን ሳስብ ነው የምችለው። ካለቀብሽማ ጭራሽ መፈረም አለብኝ። አዳማ ደግሞ ሙቀት ነው ይላሉ፤ ስስ ስሱን እየመረጥኩ እልክልሻለሁ። ሁለት ዓመት ምን አላት!”

ኑርጃን ለጠልሐ የተናገረችውን የራሷን ቃል ከልጇ አፍ ሰማችው። ለማዳን የዋሸችው ውሸት ልጇን መልሶ ሊያስራት ነው። በዛች ነገሩ ገብቷት ኖሮ በእጇ ምልክት ሰጠቻት፤ ዝም በይ፣ አትንገሪያት፣ ልቧ ይሰበራል። ልቧማ እንደሚሰበር ኑርጃንም አላጣችውም። ልጅቷ ዘጠኝ ዓመት የቆመችበትን ነገር ከሥሯ ልትነቅለው ነው።

“በቪዲዮ አድርጊው” አለቻት።

“እማ፣ ማዳም እየጠበቀችኝ ነው። ስፈርም እደውልልሻለሁ።”

“ሳትፈርሚ አድርጊው ብያለሁ!”

ስክሪኑ ላይ የሀይፋ ፊት ወጣ፤ የከሳ፣ በሻሽ የታሰረ። ኑርጃን ያንን ፊት ለማየት አልደፈረችም። ስልኩን አዙራ ወደ ወለሉ ያዘችው፤ ግማሽ ፊቱ የጠፋው ነብር ላይ፣ የተፈረፈሩት ጫማዎች ላይ።

“ይሄ ምንድን ነው?” አለች ሀይፋ።

“የላክሽልኝ ነው። አልለበስኩትም። ላንቺ ሰርግ ብዬ ነው ያስቀመጥኩት። በስብሷል።”

ሀይፋ መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ልብሱ አልነበረም።

“ታዲያ ብርዱን በምን ነበር የምታድሪው?”

“በአባትሽ በርኖስ።”

ሀይፋ አለቀሰች። እንደ ሕፃን፣ ድምጿን ሳትቀንስ። ከጀርባዋ አንዲት ሴት በዐረብኛ ስትጣራ ይሰማል። “ለምን እማ? ለምን?” ትላለች ደጋግማ። በዛች ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ “በቃ አጥፊው፤ ገደልሻት እኮ” አለች። ኑርጃንም እያለቀሰች ነበር፤ ስልኩን ግን አላጠፋችውም።

“እሺ፣ ይሄ በስብሶ ከቀረማ መፈረም አለብኝ” አለች ሀይፋ በለቅሶዋ መካከል። “እንግዲያው እንደ አዲስ ልሥራና ልግዛልሽ። ይሄኛውን ትለብሺዋለሽ።”

ኑርጃን ስልኩን ለበዛች ሰጠቻት። “ወደዚህ አድርገሽ ያዥልኝ፤ እንዳታወርጂው” አለቻትና ቢላውን ከወለሉ አነሳች። የሚቀጥለውን ካርቶን ወደ ራሷ ጎተተችው።

“ገና ብዙ አለ፣ ልጄ” አለች። “አልፈርምም፣ እመጣለሁ እስክትዪኝ እየከፈትኩ አሳይሻለሁ።”

ፕላስተሩን ቀደደችው።