ያልያዘኝ ጉንፋን

ጉንፋን በእኛ ቤት በሽታ አይባልም። አፍንጫውን እየጠረገ ሥራ ያልገባ፣ ለቅሶ ያልደረሰ ማን አለ? ስለዚህ አርብ ከሥራ ወጥቼ ለሚስስ ቾይ «ጉንፋን ይዞኛል፣ ነገ አልገባም» ብዬ ቴክስት ሳደርግ ከውሸት ሁሉ ትንሿን የመረጥኩ መስሎኝ ነበር።

ሚስስ ቾይ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ላውንደሪ፣ የልብስ ማጠቢያ ቤት፣ ያላቸው ኮሪያዊት ናቸው። ስድስት ዓመት አብሬያቸው ሠርቻለሁ። እውነቱን ያልነገርኳቸው ክፉ ስለሆኑ አይደለም። ለፋሲካ አስፈቅጄ ነበር፤ ወር ሳይሞላ ደግሞ ለለቅሶ ጀርመንታውን ሦስት ቀን ተቀመጥኩ። ለሦስተኛ ጊዜ፣ ያውም ለቅዳሜ፣ ያውም የሠርግ ልብስ በሚቆለልበት ወቅት፣ በምን አፌ ልጠይቅ? አፈርኩ። በፊት በሠራሁበት ፓርኪንግ ደግሞ ሲክ ኮል ያደረገን፣ አሞኛል ብሎ ደውሎ የቀረን ሰው ማንም ዞር ብሎ አያየውም ነበር። በሽታህም ያንተ፣ ቀኑም ያንተ።

ቅዳሜ የኤፍራታ ሰማንያኛ ቀን ነበር። ኤፍራታ የጓደኛዬ የፋና ልጅ ናት። እኔ ልጅ የለኝም፤ ሐኪሞቹም ከእንግዲህ አይሆንም ብለውኛል። ይህን የምታውቀው ፋና ብቻ ናት። ገና በአምስተኛ ወሯ እጄን ይዛ ሆዷ ላይ አስቀመጠችና «ሴት ከሆነች ክርስትና የምታነሻት አንቺ ነሽ» አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እናት ልሆን ነው እያልኩ ነበር የምተኛው። ክርስትናው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው።

አንድ ሰዓት ላይ ነጭ ለብሼ፣ ነጠላዬን ተከናንቤ ልወጣ ስል በሩ ተንኳኳ። ሚስስ ቾይ ማስክ አድርገው፣ ፔርሙዝ አቅፈው ቆመዋል። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና «ብርድ ብርድ ይልሻል ማለት ነው» አሉ። የተከናነብኩትን አይተው ነው። አዎ ከማለት ሌላ ምን ልበል?

ፔርሙዙ ውስጥ ቀጠን ያለ የሩዝ ገንፎ ነበር፤ ለእኔ ብለው ማልደው የሠሩት። አስቀምጠውኝ ማንኪያውን ወደ አፌ አስጠጉት። ላስቀድስ የምሄድ ሰው እህል እንዴት እቀምሳለሁ?

«አልበላም፤ አልቻልኩም» አልኩ።

ጉዱን ያፈላው ይሄ ቃል ነው። ፊታቸው ተለዋወጠ። ምግብ የሚዘጋ ጉንፋን ለእሳቸው ጉንፋን አይደለም።

«በይ ተነሺ። አናንዴል ያለው የኮሪያ ክሊኒክ ሁለት ሰዓት ላይ ይከፍታል፤ ግሉኮስ ያደርጉልሻል።»

«ለጉንፋን ግሉኮስ?»

«እኛ ሲጀምረን ነው የምንታከመው። እስኪጥለን ለምን እንጠብቃለን?»

«ሱቁስ?»

«ዘግቼዋለሁ» አሉ።

በስድስት ዓመት ውስጥ ቅዳሜ ቀን ተዘግቶ የማያውቅ ሱቅ። መናገር የነበረብኝ ይሄኔ ነው፤ አፌንም ከፍቼ ነበር። ግን ሴትዮዋ ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ነው፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ የእኔን ሦስት ፎቅ በእግራቸው ወጥተዋል። «ዋሽቼዎት ነው» በማለት ፈንታ ጫማዬን አደረግኩ። ይሉኝታ የሚባለውን ነገር ያመጣብንን ሰው ያን ጊዜ ባገኘው በገዛ ነጠላዬ አንቀው ነበር። ወርጄ መኪናቸው ውስጥ ገባሁና ቀበቶዬን አሰርኩ።

ሐኪሙ ጉሮሮዬን አየ፣ ሙቀቴን ለካ፣ «ድካም ነው» አለ። አጋደሙኝ። መርፌው ክንዴ ላይ ተሰካ፣ ከሥሬ የኤሌክትሪክ ምንጣፍ ይግላል። ግሉኮሱ አይቸኩልም፤ ጠብ ይላል፣ ደግሞ ቆይቶ ጠብ ይላል። ስልኬ ቦርሳዬ ውስጥ፣ ቦርሳዬ ሚስስ ቾይ ጭን ላይ፣ ነጻው እጄ ደግሞ በሁለቱ እጆቻቸው መሐል ነው። እያሹ ያሞቁልኛል። እናቴ ከሞተች ወዲህ እንዲህ አድርጎ የያዘኝ ሰው የለም፤ እኔ ግን እጄን መንጭቄ መሮጥ ነበር ያማረኝ። ሦስት ሰዓት ሲሆን ዓይኔን ጨፈንኩ። አሁን ቄሱ የክርስትና እናቷ የታለች እያሉ ነው። እንባዬ መጣ።

«አይዞሽ፣ አታልቅሺ» አሉኝ። «ቤተሰብሽም እንዳይጨነቅ ሥራ ስትገቢ በሞላሽው ፎርም ላይ በተጠሪነት ላለችው ሴት ደውዬ ነግሬያታለሁ።»

ፎርሙ ላይ ያለችው ፋና ናት።

ቤቴ መልሰው አስተኙኝና እንቅልፍ የወሰደኝ እስኪመስላቸው ድረስ አጠገቤ ተቀመጡ። በሩን ዘግተው እንደወጡ ኡበር ጠራሁ። ቤልትዌይ የሚሉት የቀለበት መንገድ ተዘጋግቶ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ በር ላይ ስደርስ ስድስት ሰዓት አልፏል። ውስጥ እየተበላ ነው። ኤፍራታ ማተቧ ታስሮላት፣ በአክስቷ በቤዚ እቅፍ ውስጥ ተኝታለች።

ፋና ስታየኝ ሮጣ መጣችና ሁለት እርምጃ ሲቀራት ቆመች። እጇን ዘርግታ አገደችኝ።

«የዓለም፣ በናትሽ አትጠጊኝ፤ ልጅቷ ገና ናት። ምን ሆነሽ ነው ከአልጋ የወጣሽው? ሴትዮዋ ኮል አድርጋ ግሉኮስ ላይ ናት ስትለኝ እንዴት እንደደነገጥኩ። በቃ ቤዚ አነሳቻት። ሪሊ፣ ጤናሽ ይበልጣል፤ ሂጂና ተኚ።»

ክንዴ ላይ ጥጡ እንደተለጠፈ ነው። ዝም ብዬ ብመለስ ማንም አይቀየመኝም ነበር። ግን ኤፍራታ ቤዚ ትከሻ ላይ ስትንቀሳቀስ አየሁና አላስቻለኝም።

«አላመመኝም» አልኩ። «ምንም አላመመኝም፣ ፋና። ከሥራ ለመቅረት የዋሸሁት ነው።»

እጇን አወረደች። የምትስቅ መስሎኝ ነበር።

«ደህና ነበርሽ?» አለችኝ።

«ደህና ነበርኩ።»

«ታዲያ ለምን አልመጣሽም?»